ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እሱ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ይድረስ ለሆዴ፣ ለሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ብዕር ያነሳሁት በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው፤ ድምፅሽን ስሰማ አንደበቴ ይታሰራል። አትደንግጪ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባትሽን ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ መቀስ አይዝም፤ ልብስ ስፌት ቤቱም ተዘግቷል። እግሩ እየተመለሰ ነው፣ የጠፋው ንግግሩ ነው። ውሃ ሲጠማው ውሃ ማለት ያቅተዋል። የእኔን ስም እንኳ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣው ዓይኑ እንባ ያቀራል።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ዝም ብሎ ከረመ። ከዚያ አንዲት ለጋ ነርስ መጥታ የሸሚዝ ቁልፍ እንዴት እንደሚቆለፍ ታሳየው ጀመር፤ አርባ ዓመት ልብስ ለሰፋ ሰው። ቀና ብሎ አያትና ጥርት ባለ ድምፅ "ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" አይላት መሰለሽ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ሐኪሙ "ከልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ቶሎ አይጠፋም" አለኝ። ይኸው አሁን የምናወራው በተረት ነው። እኔ "ድር ቢያብር" ስል እሱ "አንበሳ ያስር" ይላል። ክንዴን ተደግፎ እስከ በሩ ሲሄድ "ቀስ በቀስ" እለዋለሁ፤ "እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብሎ ይጨርሳል። እኔና አንቺ "ደግሞ ጀመረው" እያልን ስንቱን ቀን አሾፍንበት። ያ ሁሉ ተረት ባይኖር ዛሬ ድምፁን ከየት እሰማው ነበር?

አንዲት ብቻ አለች። የሄድሽ ቀን በር ላይ ቆሞ ያላትን አትረሻትም፤ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም"። አንቺም "ተረትህን ለደንበኞችህ" ብለሽው ወጣሽ፤ ሳትነጋገሩ ሦስት ዓመት ሞላችሁ። ባለፈው እሑድ ሳላስበው "የፈሰሰ ውሃ" ብዬ ጀመርኩለት። ዝም አለ። ረስቶት ይሆናል ብዬ ደገምኩለት። ይኼኔ በደህናው እጁ አፌን ያዘኝ።

ልጄ፣ ደውዪለት። ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ስምሽን ባይጠራ እንዳይከፋሽ። ግማሹን አንቺ ጀምሪለት፤ የፈለግሽውን፣ ከዚያችኛዋ በቀር።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ የወጣሽበት ይቅናሽ።

እናትሽ