ግቢው ሙሉ ይነሳል

ሰኞ

ሊያስወጡን ነው። የእማማ አስቴር የእህት ልጅ ብርሃኑ ዛሬ ከጨለለቅቱ ከተማ በሞተር መጣ። በቅጡ ሰላም እንኳ ሳይል ግቢው መሀል ቆመና ስልኩን ከፊቱ ዘርግቶ ባለበት ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ቧንቧውን፣ የልብስ ገመዱን፣ ጓሮ ያለውን እንሰት፣ በረንዳ ላይ ያለችውን የስፌት መኪናዬን ሳይቀር። ምንድነው ይሄ ብዬ ስጠይቀው፣ “ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ ፎቶ ነው እትዬ። ስልኩን ስታዞሪ ግቢው አብሮ ይዞራል” አለኝ። እኔ ግቢ ሲዞር የማውቀው ገዢ ነው።

ደግነቱ ዝናብ መጣና አቋረጠው።

የቤቱ ባለቤት እማማ አስቴር ታመው ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ከሄዱ ቆዩ። ባለቤት ሲታመም ዘመድ ይበዛል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት እዚህ በረንዳ ላይ ነው። ደንበኛ ሌላ ሰፈር ተከትሎኝ አይመጣም።

ማክሰኞ

ብርሃኑ ቧንቧው ጋ ቆሞ በስልክ ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁ። “ነገ ዝናብ ካልመጣ ግቢው ሙሉ ይነሳል። የልብስ ሰፊዋም ቤት ይነሳል።”

መርፌ ሰበርኩ። አጠገቤ ላለው ተከራይ ለመምህር ታደለ ነገርኩት። “መንገድ ዳር ቤታቸው የፈረሰባቸውም መጀመሪያ ‘ትነሳላችሁ’ ነው የተባሉት” አለ። መምህር ነው እንጂ ማጽናናት አልተማረም።

ነገ በሬን እዘጋለሁ። ምን እንደሚያነሳ አያለሁ።

ረቡዕ

ዘጋሁ። መኪናዬንም አስገባሁ፣ መጋረጃም ጣልኩ። አንዷ ደንበኛ የልጇን ዩኒፎርም በመስኮት ተቀብላ እየገረማት ሄደች።

ብርሃኑ አንኳኳ። “እትዬ፣ ክፈቺው፣ ተዘግቶ አያምርም።” አሞኛል አልኩ። የት ደረሰ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ አንገቴንና እጄን ሳወጣ ግን ስልኩ በዚያው ቅጽበት በኔ በኩል አለፈ። በኋላ አሳየኝ። ስለተንቀሳቀስኩ ግማሽ ፊት፣ ሦስት እጅ ሆኜ ወጥቻለሁ። እሱ ሳቀ፤ እኔ በሬን መልሼ ዘጋሁ፤ እንደ አዲስ ዞረ። ሦስት እጅ ቢኖረኝ የፋሲካን ልብስ በጊዜው አደርስ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ብርሃኑ ስልኩን አቀበለኝ። እማማ አስቴር ናቸው። ድምፃቸው ሳስቷል።

“አስካለ፣ በርሽ ለምን ተዘጋ? ሳትነግሪኝ ለቀቅሽ ብዬ እኮ እንቅልፍ አጣሁ።”

ለካ ፎቶው ለሳቸው ነው። ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል። ስልኩን እያዞሩ ግቢያቸውን ያያሉ፤ እንሰቱን አይተው፣ ቧንቧውን አይተው፣ ዞረው ዞረው የኔ በር ላይ ሲደርሱ ዝግ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። “አለሁ እማማ፣ የትም አልሄድኩ” ብቻ አልኩ።

“ይነሳል ስትል ሰምቼህ ነው” አልኩት ብርሃኑን። “ፎቶ ነዋ ያልኩት! ቤት ማን ያነሳል?” አለ። ሰው አማርኛ ሲናገር እስከ መጨረሻው ይጨርስ።

ፎቶውን እንደገና እንዲያነሳው ራሴ ለመንኩት። መኪናዬን አወጣሁ፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ነጠላዬን ለብሼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እየዞረ ወደኔ ሲመጣ፣ “እማማ መቼ ነው የሚመለሱት?” አልኩት።

“አፍሽ እንዳይንቀሳቀስ እትዬ፣ ፎቶው ይበላሻል” አለ።

 ዞሮ ሲጨርስ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነሳ። “መቼ ነው የሚመለሱት?” ብዬ ደግሜ ስጠይቀው ከግቢው ወጣ።