የጋሽ ወልዴ ሚዛን

ሰኞ፣ ኦክቶበር 12፣ 2009
ዘጠና ጫማ። ከተኮስኳቸው አሥር ጥይቶች ፈጣኑና ዘገምተኛው በሰከንድ ዘጠና ጫማ ተለያዩ። ባለፈው ወር ሃያ አይሞላም ነበር። በዚህ ዓይነት ቅዳሜ በስድስት መቶ ያርዱ ውድድር አንዱ ከዒላማው በላይ፣ አንዱ ከሥሩ ሊያርፍ ነው። የመጀመሪያ ውድድሬ ነው። ባዶ ቀለህ በባሩድ እየሞላሁ ጥይቴን ራሴ እንደምሠራ ደግሞ ሳልጠየቅ ለክለቡ ሁሉ አውርቻለሁ። አፌ ይቀድመኛል። ግን አገኘዋለሁ፤ መጋዘን ውስጥ የጠፋ ካርቶን ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራዬ።

የምጠረጥራቸው፦ የፍጥነት መለኪያው። ቀለሁ፣ ከተለያየ ፋብሪካ የተደባለቀ ነው። ባሩዱን የሚለኩሰው ፕራይመር፣ ዘንድሮ ከየሱቁ ስለጠፋ ያገኘሁትን ነው የገዛሁት።

ማክሰኞ
መለኪያው ነጻ ወጣ። አጠገቤ የሚተኩሰው ሰውዬ ጥይቶች በዚያው መለኪያ ሲለኩ አንድ ዓይነት ናቸው።

ማታ ጋራዥ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ቀለህ በየዓይነቱ ለየሁ። ሚስቴ ሰናይት አይታኝ፣ “እና ዛሬ ደግሞ ምስር ለቀማ ጀመርክ?” አለች። ባሩዱን እንደ ሁልጊዜው አባቷ ጋሽ ወልዴ መዘኑ። ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ውጭ አገር ከመጡ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ነበር የሚቀመጡት። እህል በረንዳ ሠላሳ ዓመት እህል የመዘኑ ሰው ናቸውና የዛሬ ሦስት ሳምንት ሚዛኑን ሰጠኋቸው። አሁን ከእኔ ቀድመው መነጽራቸውን አድርገው ይጠብቁኛል።

ረቡዕ
በተለየው ቀለህ፦ ሰማንያ አምስት። ከአንድ ካርቶን ብቻ በወጣ ፕራይመር፦ ሰማንያ ስምንት። ተጠርጣሪዎቼ አለቁ። ዝርዝሬ ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

ጋሽ ወልዴ ጋደም እንዳሉ አሥር ጥይት ራሴ መዝኜ ሞላሁና ወደ መተኮሻው ተመልሼ ተኮስኩ። አሥራ ሰባት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ክው አልኩ።

ሐሙስ
ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። የሚዛኑ ዘንግ ምልክቱ ላይ ሲቆም ትንሽ ቆንጥረው ይጨምራሉ። ምርቃት፣ እህል ሻጭ ለደንበኛው እንደሚያክለው። ጨዋታ ሲደምቅ ሁለት ቁንጥር። ባሩድ ሲበዛ ጠመንጃ ይፈነዳል፤ ደግነቱ ልኩን የጥይት አሞላል መጽሐፉ ከሚፈቅደው ጣሪያ በጣም ዝቅ አድርጌ ነው የያዝኩት። እሳቸው ከመዘኗቸው የቀሩትን አርባ ጥይቶች ፈታኋቸው።

ለእህል ነጋዴ፣ ያውም ለአማት፣ ሚዛንዎ ልክ አይደለም እንዴት ይባላል? ግን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ጎደለ ነው የምትለኝ?”

“በዛ ነው አባባ።”

“ሠላሳ ዓመት ጎደለ እንዳልባል ስፈራ ኖርኩ። በዛ ያለኝ ሰው የለም” አሉና ወደ ቤት ገቡ። መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ምነው ዝም ባልኩ አልኩ፤ ውድድሩም አስጠላኝ።

ዓርብ
ከሥራ ስገባ ወንበሩ ባዶ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሃያ ቀለህ ባሩድ ይዞ ተደርድሯል።

“እንደገና መዝናቸው” አሉኝ ጋሽ ወልዴ። አንድ በአንድ መዘንኩ። ዘንጉ በሃያውም ምልክቱ ላይ ቆመ።

አሥሩን ጥይት አድርጌ ጨረስኩና አብረን ሄደን ተኮስን። አሥራ አራት። ከእኔም በለጡ። ቁጥሩን ስነግራቸው፣ “ጠመንጃ ደንበኛ አይደለም፤ ምርቃት አይገባውም” ብለው ሳቁ።

የነገውንም መዝነው ጨርሰዋል። አብሬህ እመጣለሁ ስላሉ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር መኪና ላይ ጫንኩት። ነገ ብስት ጥፋቱ የእኔ እጅ ብቻ ነው።