ለሲኒማ የተፈጸመ ጉማ

ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፴፣ መቱ

ዛሬም ሲኒማ። ጣሊያኑ ካፒቴን የቡና መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ወጠረ። እኔ፣ ክቡር ቱርጁማኑ፣ ከጎኑ ቆሜ ተረጎምኩ። ሰው ታረደ፣ ሴት ጮኸች፣ አለቀ። ባለሱቁ አባስ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ።

«ለምን እንደታረደ ገባህ?» አልኩት።

«አንተ ምክንያት ፈልግ። እኔ ደሙን ልይ።»

ምን እንደሚፈልግ የማናውቀው ሰው ሲሞት ታሪክ ነው? ሥጋ ቤት ነው እንጂ...

ጥር ፮

ካፒቴኑ ራሱ ሲኒማ ሊሠራ ነው። ለሮም ሰዎች። የሚሰቀለው ማር ቆራጩ ቀጀላ፤ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ የባንዳውን የመገርሳን ወንድም ገድሎ የተያዘው። ገመዱን የሚስበው ራሱ መገርሳ።

«እውነተኛ ስቅላት! እውነተኛ በቀል!» ዓይኑ እንደ ሙሽራ ያበራል።

ድርሰቱን እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ቀጀላን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። እንዴት ላውጣው?

ጥር ፯

በታላቅ ትሕትና አመለከትኩ። «ጌታዬ፣ ዝም ብሎ መስቀል ጣዕም የለውም። ተመልካቹ አስቀድሞ ተስፋ ያድርግ።» ከስቅላቱ በፊት ጉማ እናስገባ አልኩት፤ የኦሮሞን የደም እርቅ። ገዳይና የሟች ወገን በታረደ በግ ደም እጃቸውን ይታጠባሉ።

«ደም አለበት?»

«ሞልቶ!»

ፈቀደ። ቴያትር መስሎታል። አስታራቂ ሽማግሌው ኦቦ ኡርጌ ቴያትር ያውቃሉ እንዴ? እሳቸው ያስታረቁት ታረቀ ነው። የታረቀ ደግሞ ገመድ አይስብም።

ጥር ፱

ተነሳ፣ ሲኒማው። ኦቦ ኡርጌ በኦሮምኛ መረቁ። ቀጀላና መገርሳ እጃቸውን ባንድ ደም ነከሩ። መገርሳ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«ብራቮ! ይሄ ባንዳ ተዋናይ ነው!» አለ ካፒቴኑ።

እኔም ሳቅሁ... በሆዴ።

ጥር ፲

መገርሳ ገመዱን አልነካም አለ።

«ታርቀናል። ከትናንት ጀምሮ ወንድሜ ነው።»

ተረጎምኩ። ሌሎቹም ባንዳዎች እርቁን አይተዋል፤ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ካፒቴኑ ሳቀ። ከዚያ ሽጉጡን አወጣና ቀጀላን ራሱ ተኮሰው። ካሜራው እየዞረ ነበር።

ገመዱን አስቤ ሽጉጡን ረሳሁ? እኔ ነኝ ደራሲ!

አባስ አላጨበጨበም። አጥሩ ሥር ተደፍቶ ያስመልሰው ነበር።

ጥር ፲፪

መገርሳ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ሳይሄድ ደጄ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ የወንድሜ የቀጀላ ደም ካፒቴኑ ላይ ነው። በኡካ መንገድ እጠብቀዋለሁ።» በቀስታ ነው ያለው፤ የሰርግ ቀን እንደሚነግር ሰው።

ጥር ፲፬

ካፒቴኑ አስጠራኝ።

«ሁለተኛ ክፍል ጻፍልኝ። የከዳው ባንዳ ታሪክ! መገርሳ ሲሄድ ምን አለህ?»

ይሄው ስንት ጊዜዬ፣ የሰማሁትን ሁሉ ስተረጉምለት...

«ምንም፣ ጌታዬ።»

ነገ ወደ ኡካ ይወርዳል፤ ጫካውን ሊያነሳ፣ ካሜራውን አሸክሞ። ቆቤን አውልቄ መልካም መንገድ ተመኘሁለት።