በድምፅ ብልጫ የተዘረጋው የኮሙናል መብራት

ቀን፦ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጸደይ በር የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማህበር
ለሊቀ መንበሩ ለክቡር አቶ ኃይለሚካኤል
የካ አባዶ

ጉዳዩ፦ በኮሙናሉ ውስጥ ለልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የራሱ የመብራት መስመር እንዲዘረጋ እና በወይዘሮ ዘርፌ ላይ የተጣለው እገዳ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ዘርፌም በሕይወት አለች፤ ምስጋናው ግን ለማህበሩ ሳይሆን ለጎረቤቴ ለአስማ መጥረጊያ ነው። ዝርዝሩን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

1. ከብሎካችን ጀርባ ያለው፣ በጋራ የምንጋግርበትና የምናጥብበት ኮሙናል አምና ሲታደስ ኤሌክትሪሲያኑ ኦላና ሦስት መስመር ያለው ንድፍ ይዞ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ነበር። አንዱ ለምጣዶቹ፣ አንዱ ለልብስ ማጠቢያውና ለውሃ ማሞቂያው፣ አንዱ ለአምፖሎቹ። ክቡርነትዎ ንድፉን ዘቅዝቀው ይዘው ብዙ ካዩት በኋላ (አጠገብዎ ስለተቀመጥኩ አይቻለሁ) «ይሄ ቅንጦት ነው፣ ለድምፅ ይቅረብ» አሉ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አንድ መስመር ይበቃል ተባለ፣ ተጨበጨበ። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ የሽቦ ውፍረት በድምፅ ብልጫ እንደሚወሰን የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ኦላናም «ኧረ ይከብደዋል» ብሎ አንዴ አጉረመረመና የታዘዘውን ሠራ። እሱንም አላመሰግነውም።

2. ምጣድና ማሽን በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩ የሚል ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። መልካም። ሽቦ ግን ቃለ ጉባኤ አያነብም። በዓል ሲደርስ አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ይጋግራል፣ በአንድ ቀን ያጥባል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ጎረቤት መሆን ይበቃል። ብሬከሩ ጭነት ሲበዛበት እየወረደ፣ መብራቱን እየቆረጠ ያስጠነቅቀን ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ምን አደረገ? ሽቦውን እንደነበረ ትቶ ብሬከሩን በትልቅ አስቀየረ፤ «ችግሩ በዘላቂነት ተፈቷል» የሚል ማስታወቂያም ለጠፈ። እውነት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ ወርዶ አያውቅም። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲቀልጥ እንኳ አልወረደም። ልጅ አለቀሰ ተብሎ አፉ ውስጥ ጨርቅ እንደ መጠቅጠቅ ነው።

3. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምጣዱ ሁሉ ተለኩሶ ሳለ፣ የብሎካችንን ልብስ እያጠበች የምትተዳደረው ዘርፌ ማሽኑን ልትከፍት እጇን ብታሳርፍ ከቀለጠው ሽቦ ወደ ማሽኑ ቆርቆሮ ያለፈው ኮረንቲ ያዛት። ጩኸት እንኳ አላወጣችም። አስማ ናት ፊቷን አይታ የገባት፤ በመጥረጊያው እንጨት እጇን መትታ አላቀቀቻት። ይኸው እስከ ዛሬ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታዘዙላትም።

4. ክቡርነትዎ በማግስቱ መጥተው መጀመሪያ የጠየቁት «ማሽኑ ደህና ነው?» ብለው ነው። ማሽኑ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያም ዘርፌ «በጥንቃቄ ጉድለት» ኮሙናል እንዳትገባ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ። በዚያ እጅ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ብርድ ልብስ መጭመቅ አትችልም፤ ያለ ማሽኑ እንጀራ የላትም።

ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ብመጣ «ወይዘሮ ውባንቺ፣ ጉባኤ የወሰነውን እኔ እንዴት ልሽር?» አሉኝና ከስብሰባ አዳራሹ ፍሪጅ ለስላሳ አስከፈቱልኝ። ያ ፍሪጅ ከኮሙናሉ ማከፋፈያ ተስቦ የመጣ የራሱ መስመር አለው፤ ብቻውን፣ ማንም ሳይጋራው። ለእሱ እጅ ሲወጣ አላየሁም። ለስላሳው ግን በጣም ቀዝቃዛ ነበር፤ ከልብ አመሰግናለሁ።

5. መስቀል ደርሷል፤ ያ ሁሉ ምጣድ እንደገና ሊለኮስ ነው። ስለሆነም የተቃጠለው ሽቦ ወጥቶ ማሽኑ እንደ ፍሪጁ የራሱ መስመር እንዲኖረው፣ ኧርዝ የሚሉት ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦም እንዲገባለት፣ ብሬከሩ ወደ ልኩ እንዲመለስ፣ ዘርፌም ሥራዋን እንድትጀምር በአክብሮት አመለክታለሁ። ይህ እስኪሆን የማሽኑን ሶኬት ነቅዬዋለሁ፤ ማንም እንዳይሰካው።

6. የለም፣ ይህም ለጉባኤ ይቅረብ ከተባለ፣ ይቅረብ። አንድ ሥርዓት ብቻ ይጨመርልኝ። «ያለው መስመር ደህና ነው» የሚል ሰው ድምፁን የሚሰጠው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ኮሙናሉ ውስጥ ይሁን፤ ምጣዱ ሁሉ ተለኩሶ፣ ማሽኑ ተሰክቶ፣ እጁን ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ ማሽኑ ላይ አሳርፎ። ክቡርነትዎ እንደ ወጉ ከፊት ይጀምሩልናል። ቆጠራውን አስማ ትይዛለች፤ መጥረጊያዋንም አትረሳም።

ከጎረቤት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ውባንቺ መንግሥቱ
የብሎኩ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኮሙናሉ በር፣ ከማስታወቂያዎ ጎን