«ሐሚድን ቀስቅሱት» ስለተባለበት ድረ ገጽ

ቀን፦ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ የለውም፤ የመጀመሪያዬ ነው

ለተከበሩ አቶ ጌታሰው ወንድሙ
የይፋት ነበልባል እግር ኳስ ክለብ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

ጉዳዩ፦ ገጼን እንድዘጋ የተሰጠኝን ትዕዛዝ በታላቅ አክብሮት ስለመፈጸም

የተከበሩ አቶ ጌታሰው፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በቢሮዎ ጥግ የቆመው ቬንትሌተር እንዴት ሰነበቱ? በዚህ በግንቦት ሙቀት ከተማው ሁሉ የማንጎ ጥላ ሲሻማ፣ እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሡ ለአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ አስጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አሳርፈው መላክዎን ሳስብ፣ አላህ ቬንትሌተሩን ከመብራት መቋረጥ እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ድፍረት ይዞኝ አይደለም። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ አራተኛ መጥቼ ስብሰባውን እንዳልረብሽ ብዬ ነው።

እኔን የማያውቁ አንባቢዎች እንዳይቸገሩ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሙሚና ይማም እባላለሁ፤ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። እናቴ ወይዘሮ መሪማ ሽንኩርት ታከፋፍላለች። ወንድሜ ሐሚድ ባጃጅ ይነዳል፣ ባጃጁ ውስጥም ይተኛል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ «የነበልባል ደጋፊ» የሚል ድረ ገጽ ከፈትኩ፤ በዚያን ጊዜ ክለባችን ከማኅተሙ በቀር ስሙ የተጻፈበት ነገር አልነበረውም። ባለፈው ሚያዝያ ክለቡ «ይፋዊ ድረ ገጽ» ማውጣቱን ሰምቼ እሰየው ብዬ ብከፍተው የራሴን ገጽ አገኘሁት። የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው። ትናንት ወዲያ ሰኞ ደግሞ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ገጼ «የክለቡን ይፋዊ ድረ ገጽ አስመስሎ የተሠራ» በመሆኑ እስከ ዓርብ ግንቦት 8 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ «ከነሙሉ ይዘቱ» እንዳጠፋው፣ ካላጠፋሁ ግን ከእንግዲህ በሜዳው በር እንዳላልፍ ያዝዛል። በማግስቱ ቅዳሜ የእናንተ ገጽ በሆቴል አዳራሽ፣ በትልቅ ስክሪን፣ ከደብረ ብርሃን በሚመጡ እንግዶች ፊት ይመረቃል።

ትዕዛዙን ለመፈጸም ዝግጁ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን የሚከተሉትን ጥቃቅን ነጥቦች ከእግርዎ ሥር አኖራለሁ።

1ኛ. ስለ ስሜ። ደብዳቤዎ የተጻፈው «ለአቶ ሙሚን ይማም» ነው። በቤታችን እንዲህ የሚባል ሰው ስለሌለ የሌላ ሰው ፖስታ ከፍቼ እንዳነበብኩ ይቆጠርብኛል፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው አቶ መሆን እንዳለበት ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ። በዚህም ምክንያት ወንድሜ ከሰኞ ጀምሮ «አቶ ሙሚን፣ ኧረ ውሃ አቀብሉኝ» ማለት ለምዷል። እናቴም «ተዪው፣ ለአንድ ቀን እንኳ አንቱ ተብለሻል» ብላ አጽናንታኛለች። ለሹመቱ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ማስመሰል። ማን ማንን እንዳስመሰለ ከመጣራቱ በፊት ገጼ ከየት እንደተነሣ ቢያውቁ መልካም ነው። የመጀመሪያውን በስልኬ ሠራሁት። ከበስተጀርባው እሳት ይንቀለቀላል፤ በእሳቱ ላይ ቢጫ ፊደል አለ፤ በፊደሉ ላይ ከላይ እንደ በረዶ የሚዘንብ ኳስ አለ። ገጹን ለከፈተ ሁሉ ሳይጠይቅ ጥሩምባ ይነፋለታል። የጎብኚ መቁጠሪያው በመጀመሪያው ወር አርባ አንድ ሰው አሳየኝ፤ ሠላሳ ስምንቱ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛውን በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ሠራሁት። እሳቱን አጠፋሁ፤ ጥሩምባውን ግን ስላሳዘነኝ እንዳለ ተውኩት። ሦስተኛውን፣ ማለትም እርስዎ የወደዱትን፣ ዘንድሮ መጋቢት ላይ ጨረስኩ። መደቡ ነጭ፣ ራስጌው ብርቱካናማ፣ ውጤት በግራ፣ ፎቶ በቀኝ፣ ጥሩምባ የለም።

የኮምፒውተር መምህራችን ኤፍሬም ለዚህ ሥራ ከሃያ አሥራ አራት ሰጡኝ። ስድስቱ የት ሄደ ብዬ ብጠይቃቸው «ጥሩ ዲዛይን ሰው ይሰርቀዋል፤ ያንቺን እስካሁን የሰረቀ የለም» አሉኝ። ስለዚህ ጉዳዩ በእርስዎ ክለብ የተስተካከለ መሆኑን በአንዲት መስመርና በዚያው ማኅተም ቢያረጋግጡልኝ፣ ነጥቤን ለማስሞላት እጠቀምበታለሁ። ብርቱካናማውን በሰማያዊ ስለመቀየራችሁ ግን ምስጋናዬ ውስን ነው። ሰማያዊ የተቀናቃኛችን የማጀቴው ቡድን ማሊያ ነው።

3ኛ. ስለ ክለባችን አኩሪ ታሪክ። ገጹን በአዲስ መልክ ሳሰናዳ አዲሱ የፊደል ዓይነት በረጅም ጽሑፍ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት ነበረብኝ። ታሪኩን ገና ስላልጻፍኩት፣ «የክለባችን ታሪክ» በሚለው ርእስ ሥር በዚያች ሰዓት ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ጽሑፍ ለጠፍኩበት። ወሩ ረመዳን ነበር፤ ጽሑፉም እናቴ ከገበያ የላከችልኝ መልእክት ነበር። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ሽንኩርቱን ከጣሪያ ሥር አስገቢው ዝናቡ ከበላይ እየመጣ ነው። ለማፍጠሪያ ቴምር አልቋል። ሐሚድን ቀስቅሺው፣ ፆም ማለት መተኛት ነው ያለው ማነው።» ይህ ጽሑፍ በገጼ ላይ የቆየው ከመጋቢት 11 እስከ 13 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ እውነተኛውን ታሪክ ጽፌ ተካሁት። በእናንተ ገጽ ላይ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የክለባችን ታሪክ የእናቴ ሽንኩርት ነው። ባለሙያችሁ ገጼን የቀዳው በየትኞቹ ሁለት ቀናት እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ያስደነቀኝ የእርስዎ ንባብ ነው። ከማጀቴው ቡድን ጋር በነበረው ጨዋታ፣ ዕረፍት ላይ፣ ማይክራፎኑን ጨብጠው «አኩሪ ታሪካችንን ከይፋዊ ድረ ገጻችን አነብላችኋለሁ» ሲሉ እኔ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ነበር። አንዳንድ አንባቢ «ሽንኩርቱን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። እርስዎ ግን ድምፅዎ ሳይሰበር፣ ነጥቡን በነጥብነቱ አክብረው፣ ዝናቡን አልፈው፣ ቴምሩን አልፈው፣ «ሐሚድን ቀስቅሺው» የሚለው ድረስ በግርማ ዘለቁ። እንዲህ ያለ አንደበት ለሚያነበው ነገር ትርጉም እንደማይበገር ያን ቀን ተማርኩ።

የተከተለውን እርስዎም ሰምተዋል። ከደጋፊው አንዱ «ሐሚድ ደግሞ ማነው?» አለ። ሌላው «ዘጠኝ ቁጥራችን ነዋ! ከገና ጀምሮ ተኝቶ የለም እንዴ!» አለው። ዘጠኝ ቁጥራችን ይሁኔ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ከገና ጀምሮ ጎል አለማግባቱንም ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ሜዳው በሙሉ «ሐሚድን ቀስቅሱት! ሐሚድን ቀስቅሱት!» ይል ጀመር። ይሁኔ መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በሰባ አንደኛው ደቂቃ ላይ አገባ። ጎሉን ያከበረው ሁለት መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ ሣሩ ላይ በመተኛት ነው።

ለክለቡ ያገኘሁለትን ይህን መፈክር በነፃ ሰጥቻለሁ። የቤተሰቤን አቤቱታ ግን ማድረስ አለብኝ። ዋናው ሐሚድ ባጃጁን በየቆመበት እየደበደበ «ሐሚድን ቀስቅሱት» የሚል ተሳፋሪ በዝቶበታል። እናቴ ደግሞ ወሬውን ከሽንኩርት ጫኞች ሰምታ «የቤቴን ገመና በማይክራፎን!» ብላ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ለመሆኑ ሰውየው አሳምሮ አነበበው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሳምረው እንዳነበቡት መስክሬልዎታለሁ።

4ኛ. ስለ ውጤቶች። በገጻችሁ ላይ የዘንድሮው ጨዋታዎች ውጤት ተዘርዝሯል። ስድስተኛው መስመር ላይ ከደብረ ሲናው ቡድን ጋር ያደረግነው ጨዋታ አለ፤ በውጤቱ ቦታ «አልታየም» ይላል። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚያ ደጋው ላይ ጉሙ ሜዳውን ለሰማንያ ደቂቃ ውጦት፣ ግብ ጠባቂያችን ራሱ ኳሷ የት እንዳለች ደጋፊውን ይጠይቅ ነበር። ዳኛው የጻፉትንም ስላላየሁ እውነቱን አሰፈርኩ። አንድ ክለብ የራሱን ጨዋታ ውጤት «አልታየም» ብሎ በይፋ ሲያውጅ ትሕትናው ልብ ይነካል።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት ውጤቶች ግን አልወሰዳችሁም፤ ወደ ታች መውረድ ስለሚጠይቅ ይሆናል። እነዚያ ሌላ ቦታ የሉም። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማን ቢጫ እንዳየ በደብተር እየጻፍኩ ቆይቼ፣ ሲመለስ አንድ በአንድ ያስገባኋቸው ናቸው። ጀውሃ የሚያድሩ የጭነት መኪና ሾፌሮች ውጤት የሚያዩት እዚያ ነው። ጉልበቱ ተሰብሮ መጫወት ያቆመው የቀድሞ ተከላካያችን ስሙን ለልጁ የሚያሳየው እዚያ ነው። አሁን ጎብኚዬ በቀን አራት መቶ ደርሷል፤ እኔ ከእነሱ መካከል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ነኝ። እርስዎ በአንድ መስመር «ይጥፋ» ያሉት ይህንን ነው። ይህን ነጥብ በቀልድ ለመጻፍ ሞክሬ ስላልሆነልኝ እንዲሁ ትቼዋለሁ።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ቢኖርም ቂም አልያዝኩም፤ እንዲያውም ዲዛይኑን ለክለቡ በስጦታ ሰጥቻለሁ። በምትኩ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ደብዳቤው ይሻርልኝ፣ ሰማያዊው ወደ ብርቱካናማ ይመለስ፣ በገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል «ገጹን የሠራችው ሙሚና ይማም» የሚል ይጻፍ። «የሠራችው» የሚለው ቃል ላይ «ች» እንዳትረሳ አደራ።

መልስዎን እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ። መልስ ከሌለ ትዕዛዝዎን በደቂቃው እፈጽማለሁ፤ ለክለቤ ያለኝ ታዛዥነት እንዲህ ነው።

ቬንትሌተርዎ እየዞረ፣ ማኅተምዎ ቀለም ሳይነጥፍበት፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ ቅዳሜን በሰላም እንዲደርሱ እየተመኘሁ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳይጠየቅ ያገለገለዎት እጅ በአክብሮት ይፈርማል፤

ሙሚና ይማም
(በሌላ አጠራር አቶ ሙሚን)

ማኅተም ስለሌለኝ ይቅርታ። ከስሜ አጠገብ ያለው ክብ ምልክት የሻይ ብርጭቆ ነው።

ግልባጭ፦
— ለወይዘሮ መሪማ፣ የታሪክ ክፍል
— ለመምህር ኤፍሬም፣ ስለ ስድስቷ ነጥብ
— ለይሁኔ፣ ዘጠኝ ቁጥር
— ለሐሚድ ይማም፣ ሲነቃ

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትዕዛዙ «ከነሙሉ ይዘቱ» ስለሚል ጓደኛዬ ሰላማዊት ያነሳቻቸው ፎቶዎችም ዓርብ ይጠፋሉ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁምዎ ይገባል። ባለሙያችሁ ገጼን ሲቀዳ ፎቶዎቹን ወደ እናንተ አላዛወራቸውም። በእናንተ ገጽ ላይ ይታያሉ እንጂ የተቀመጡት ዛሬም እኔ ዘንድ ነው፤ ሰው ገጻችሁን በከፈተ ቁጥር ከእኔ እየተጠሩ ይመጣሉ። እኔ የቀየርኩት እናንተም ዘንድ ይቀየራል፤ እኔ ያጠፋሁት እናንተም ዘንድ ይጠፋል። ስለዚህ ዓርብ ታዛዥነቴን ከፈጸምኩ፣ ቅዳሜ በትልቁ ስክሪን የሚመረቀው አርባ ሦስት ባዶ ሣጥንና የእናቴ ሽንኩርት ይሆናል። እውነት መሆኑን እንዲያዩት ለሙከራ አንድ ፎቶ ብቻ ቀይሬያለሁ። «የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው መልእክት» ከሚለው በላይ፣ እርስዎ ዋንጫውን ከአምበሉ ቀድመው ያነሡበት ፎቶ በነበረበት ቦታ፣ አሁን ወንድሜ ሐሚድ ባጃጁ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ደብዳቤው በተሻረ ሰዓት የእርስዎ ይመለሳል። እስከዚያው ግን አዳራሹ ምን ብሎ መጮህ እንዳለበት ያውቃል። የሰው ፎቶ ያለፈቃድ መጠቀም ነውር መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ሐሚድን ለማስፈቀድ እንደ እርስዎ ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አልነቃልኝም።