ያልመጣው ሳህን

ለእህቴ ለቨርዴል፤

እንደምን ከርመሻል? የባለቤትሽ የኤድመንድ ወገብ ተሻለው? ልጅሽ ጆአናስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት እናታችን ያሳደገችን እንዲያ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ተናድጄብሻለሁ።

ትልቁን ሽልማት ማግኘትሽን በሬዲዮ ሰማሁ። ጥጥ ስትለቅሚ ውለሽ ማታ በዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ ትሞነጫጭሪ የነበርሽው ልጅ! የመጀመሪያው መጽሐፍሽ ገዢ ባጣ ጊዜ ሚስቴ ኔታ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጮክ ብላ እያነበበችልኝ ሁለታችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ገዢ አላገኙም። ስም ያወጣልሽ አራተኛው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ምድጃው ቀዝቅዞ ብቻውን ሲቀመጥ፣ ከጎረቤት አንድ ሰው እንኳ ምግብ ይዞ ደጁን ሳይረግጥ የሚቀርበት። አገር ያለቀሰበት። ስሙን ብትለውጪውም መጋዝ የቆረጠውን ጣቴን ሳይቀር ስለጻፍሽ፣ እዚህ ያ ሰው እኔ መሆኔን የማያውቅ የለም።

ኔታ ያረፈች ዕለት ማዕድ ቤቱ ሞልቶ ሳህኑ አልጋዬ ላይ ሁሉ ተደርድሮ ነበር፤ ባለቤቱ እንዳይጠፋ የእያንዳንዱ ቂጥ ላይ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎበት። ቀድማ የደረሰችው ጎረቤቴ ኮርዲ ነበረች፤ በዚያ ዝናብ፣ የዶሮ ጥብስ ይዛ።

ባለፈው ሳምንት ኮርዲ መጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ግቢ ብላት እምቢ አለች። "ሳህኔን ልወስድ ነው" አለችኝ። "ያኔውኑ መልሼልሽ የለም ወይ?" ብላት፣ "ያላመጣሁትን እንዴት ትመልሳለህ? እህትህ ከእኔ በላይ ታውቃለች" ብላኝ ሄደች። ቤተ ክርስቲያንም አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፍቷል። ዲያቆን ሆባርት "ተዉት፣ እሱ ብቻውን ነው የሚያዝነው፤ በመጽሐፍ ተጽፏል" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ከእነዚህ ሰዎች ሌላ ማን አለኝ? የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው።

በስልክ ብነግርሽ "ልብ ወለድ እኮ ነው፣ አርሊስ" አልሽኝ። ልብሽ የወለደውን የማሳድገው ግን እኔ ሆኛለሁ። በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ይላል ቃሉ፤ በእኔ ላይ ስንት ፀሐይ ገባ። ቅናት ይሆን ብዬም ተንበርክኬ ራሴን መረመርኩ፤ ጥቂት አላጣሁበትም። ብቻ ስጸልይ እነዚያ የሳህን ስሞች አንድ በአንድ መጡልኝ፤ የኮርዲ፣ የሆባርት ሚስት፣ የሌሎቹም። ያጣሁት የአንቺን ነው። ኔታ ያረፈችበትን ሳምንት ቦስተን ላይ መጽሐፍሽን ለሰው ታነቢ ነበር፤ አበባ ላክሽ። ያኔ አልተቀየምኩሽም። ያልመጣሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ በኮርዲ ማላከክሽ ግን አንጀቴን አቃጠለው።

የኦገስት ሦስተኛው እሑድ፣ ርቀው የሄዱት ሁሉ ተመልሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር አብረን የምንበላበት ቀን ነው። ነይ። የገዛሽውን ሳይሆን በእጅሽ የሠራሽውን ይዘሽ ነይ። የሳህኑ ቂጥ ላይ ፕላስተር ለጥፊና ስምሽን ጻፊበት፤ በመጽሐፎችሽ ጀርባ የሚወጣውን ሳይሆን እናታችን ያወጣችልሽን። ከዚያ ኮርዲ ፊት አስቀምጪው።

ኤድመንድን ሰላም በይልኝ፤ ጆአናንም ግንባሯን ሳሚልኝ። የሆባርት ሚስት ሰላም ብላሻለች። ኮርዲ ምንም አላለችም፤ አልዋሽሽም።

ወንድምሽ አርሊስ
ሃርዳዌይ፣ ሚሲሲፒ
ጁላይ 21 ቀን 1974