ከቀዩ አፈር በታች

ሰኞ፣ ጥር 4
የቦሌን ኮብልስቶን በሙሉ የጠረብኩት እኔ ነኝ። እሺ... በሙሉ አይደለም። ከኢምፔሪያል ወደ ውስጥ የምታስገባውን አንዷን ቅያስ። ግማሿን። ግን እስካሁን አንድ ድንጋይ አልተነቀለባትም!
ዛሬ ቡልቡላ ባለው የድንጋይ ካባችን መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የማታ ትምህርት በከንቱ አልጨረስኩም... ማንም ሳይጠይቀኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ድንጋዩ በማለቁ ከጥምቀት በኋላ ጉድጓዱ በኮንዶሚኒየም ቁፋሮ አፈር ይሞላል።» አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው የገባኝ። እኛስ? የጠራቢዎች ማኅበራችን ሊበተን ነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 5
ሀይሚ የምትባል የድንጋይ ባለሙያ ማስታወቂያውን ከለጠፈው ቢሮ መጣች። መዶሻዋ መጫወቻ ነው የሚመስለው። የእኔን ብታነሳው ወገቧ ይቆረጥ ነበር። ኳ ኳ አድርጋ፣ ከእኔ ጋር ትንሽ አውርታ ሄደች። ምን አወራን? ብዙ ነገር።

ረቡዕ፣ ጥር 6
የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ገብረወልድ «ዕቃ ሰብስቡ» አሉ። የጠራቢ ደንብ ነው፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ቀይ አፈር ከወጣ ካባው አልቋል፣ ማንም አይቆፍርም።
አልሰበስብም!
«ጋሼ፣ እዚህ እሳተ ገሞራ አንዴ ብቻ አይደለም የፈሰሰው። ቀዩ የድሮ መሬት ነው፤ ትኩሱ ሲፈስበት ተጠብሶ ቀላ። ከሥሩ ሌላ ጥቁር ድንጋይ አለ።»
«ማን ነገረህ?»
«ጭንቅላቴ!»
«ፊደል ቆጠርክና መሬት ውስጥ ማየት ጀመርክ?»
ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ዓርብ፣ ጥር 8
ብቻዬን እየቆፈርኩ ነው። ቀይ... ቀይ... አሁንም ቀይ። ባለቤቴ ቲጂ ልብሴን አይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በርበሬ ወፍጮ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?» አለች።
ብሳሳትስ? ብሳሳትም መጀመሪያ እኔን ጎትተው ያውጡኝና ይሙሉት!

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ድጅኖዬ ቋ! አለ። ጮህኩ። ጋሽ ገብረወልድ ወረዱ።
«ተው እንጂ፣ ብቻውን የተቀበረ ድንጋይ ይሆናል።»
ራሳቸው ድጅኖውን ተቀብለው ራቅ ብለው ቆፈሩ። ቋ! ደግሞ ወዲያ ማዶ። ቋ!
ኮታቸውን አወለቁ። «አያሌው... አካፋ አቀብለኝ» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 13
አፈር የጫነው ሲኖትራክ መጣ። እኛ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነን እንጠርባለን። ሹፌሩ ግራ ገባው። ሀይሚ ከአለቃዋ ጋር መጥታ አዲሱን ድንጋይ በዚያች መዶሻ መታች፤ አለቃዋም መኪናውን መለሰው። ማስታወቂያውን የቀደድኩት እኔ ነኝ።
ጋሽ ገብረወልድ «ይሄ ሰው ጭንቅላት አለው» ብለው ለሀይሚ ነገሯት። እሷ እኔን አየችኝ። ሳቀች።
እሺ... ለራሴ በምጽፈው ላይ ማንን ልሸውድ? «ጭንቅላቴ» ያልኩት ብቻ ውሸት ነው። የነገረችኝ ሀይሚ ናት፣ ያን ማክሰኞ። ግን እሷ «ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ሳይቆፈር ሪፖርት ላይ አልጽፈውም» ነው ያለችው።
«አለ» ያልኩት እኔ ነኝ።